የማይጮኸው ጠገራ

ይርዳው ጠገራ ብር በዓይኑ አይገዛም፤ በጆሮው ነው የሚገዛው። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፉርጎዎችን የብረት ጎማ በመዶሻ እየመታ፣ ከድምፁ ብቻ የተሰነጠቀውን ከደህናው ሲለይ የኖረ ሰው ነውና፣ ጡረታ ሲወጣ ያ ጆሮ ሥራ እንዳይፈታ አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ ያዘ። የቀፊራ ገበያ ሻጮች ሁሉ ያውቁታል። ብሩን እብነ በረድ ላይ ይለቀዋል፣ «ቅጭል» ብሎ ድምፁ እየሳሳ እስኪጠፋ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፣ ከዚያ ወይ ኪሱን ይፈታል ወይ ሻጩን ይሰድባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ሃይማኖቱ።

እቤት ሲገባ ግን ያ ጆሮ አይሠራም። ሚስቱ ስንቅነሽ ግማሽ አካሏ ሽባ ከሆነ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጓዳ ተኝታ ቀኑን ሙሉ «ይርዳው!» ትላለች፤ ውኃ ስትፈልግ፣ መገላበጥ ስትፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሰው ስትፈልግ። እሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ ብሩን ያገላብጣል። እንዲያው ምን ዓይነት ልብ ነው! የጆሮ ወርቋን እንኳ ሸጦ ጠገራ ገዝቶበታል፤ ስትጠይቀው «ተኝተሽ ለማን ልታጌጪ?» አላት። ጎረቤት ሁሉ ያማዋል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉት የቀፊራ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከጨርቅ ፈትተው አንድ ጠገራ አሳዩት። ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት በሌሎቹ ጠገራዎች ላይ የምትታይበትን የሐዘን ሻሽ አላሰረችም፤ ባሏ ሳይሞትባት በፊት የተመታ ነው። ይርዳው እንዲህ ያለውን ሲመኝ ኖረ እንጂ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ተቀብሎ እብነ በረዱ ላይ ለቀቀው።

ድምፅ የለም። ብሩ ወደቀ፣ ነጠረ፣ ተንከባለለ፤ ጥጥ የወደቀ ያህል እንኳ አልተሰማም።

«ይኼ ነገር ምንድነው ሐጂ?»

«አይጮህም። ግን እውነተኛ ነው» አሉ ሐጂ፣ ወደ ብሩ ሳያዩ። «ሰው ያለበት ቤት እንዳታሳድረው ብቻ። እኔም እዚሁ ሱቅ ነው የማሳድረው። ስማኝ አቦ፣ ቀልድ አይደለም!»

ይርዳው መዘነው፤ ልክ ነው። ጠርዙን ዳበሰ፤ ልክ ነው። የተጠየቀውም ዋጋ እስኪያሳፍር ድረስ ርካሽ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንጀራ ያበላውን ጆሮ ያን ቀን ናቀውና ገዝቶ ሄደ፤ እቤት ሲደርስም ከሌሎቹ ጋር የቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረው።

በማግሥቱ ሌሎቹም አንጮህም አሉ። አንድ በአንድ ጣላቸው፤ ሁሉም ዱዳ። ቅዳሜ የጓሮው ቧንቧ ባልዲው ውስጥ ጠብ ሲል አየው እንጂ አልሰማውም፤ ዓመት ሙሉ ሲያማርረው የኖረው የበር ማጠፊያም ማንቋረሩን ተወ፤ እሑድ ጠዋት ቆርቆሮው ላይ የሰፈሩት ቁራዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ወሬ የለም። ጆሮዬ ተደፈነ ብሎ የሞቀ ዘይት ጠብ አደረገበት። ከአጥሩ ውጭ ግን የባጃጁ ጥሩምባም፣ የልጆቹ ጫጫታም፣ የመስጊዱ አዛንም ጥርት ብሎ ይሰማዋል፤ የጠፋው የቤቱ ድምፅ ነው። ዝናብ ከጠፋ አራት ወር በሆነው አገር፣ ክፍሎቹ ዝናብ የነካው ብረት ይሸቱ ጀመር። ፈራ? ትንሽ። ግን ስንቅነሽም መጣራቷን ትታ ነበርና፣ ዝምታ ወርቅ ነው ብሎ ተመስገን አለ።

ማክሰኞ በቀትር፣ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ በሚያሸልብበት ሰዓት፣ ምሳዋን ይዞ ገባ። ጓዳው በመጋረጃው ጨልሟል። ስንቅነሽ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ ተጎንጉኖ፣ ትራሷ ተስተካክሎ ፈገግ አለችለት።

«ተባረክ ይርዳው» አለችው፤ ድምፅዋ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። «እንዲህ ዓይነት ሰው መሆንህን ሳላውቅ ልሞት ነበር። ገና ስጠራህ ከተፍ! ትናንት ያጫወትከኝን እያሰብኩ ሌሊቱን ስስቅ አደርኩ።»

ትናንት ይርዳው ቀኑን ሙሉ ቀፊራ ነበር። ፀጉሯንስ ማን አበጠረው? ከራስጌዋ፣ ጨለማው በወፈረበት ጥግ፣ የሳሎኑ ወንበር ወደ አልጋው ተጠግቶ ቆሟል። እጁን ዘርግቶ መቀመጫውን ዳበሰ። ሰው አሁን የተነሣበት ያህል ይሞቃል።

ሳህኑ ከእጁ አምልጦ ተሰበረ፤ ሲሰበርም ዝም አለ።

ብሩን ከሳጥኑ መንጭቆ ወጣ። የሐጂ ሱቅ ለቀትር ተዘግቷል። የብረት በሩን በሁለት እጁ ደበደበ፤ አይሰማም። «ሐጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ጥላው ሥር ጫት የሚቀነጥቡት ሽማግሌዎች ቀና እንኳ አላሉ። ያኔ ጉዱ ገባው። የቤቱ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የሱም እየሄደ ነው። እየሮጠ ወደ ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ወረደና ብሩን ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ድንጋይ መታና «ቅጭል» አለ፤ እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ፣ ጣፋጭ ድምፅ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ተገላገልኩ ብሎ አለቀሰ። ሳጥኑን ሸጬ አሳክማታለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ እያለ በልቡ እየማለ ገሰገሰ። አይ ይርዳው! በሁለት ዓመት ውስጥ ለሷ ብሎ የሮጠው ይህን አንድ ቀን ነው።

ግቢው ሲደርስ ቤቱ በድምፅ ተሞልቶ ነበር። ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፣ ቁራዎቹ ይንጫጫሉ፣ ከጓዳ የስንቅነሽ ሳቅ ይሰማል። ከሳቋ ጋር አንድ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ የባቡር ጣቢያውን የጥንት ጨዋታ እያመጣ ያጫውታታል። የራሱ የይርዳው ድምፅ ነው።

የጓዳውን በር በርግዶ «ስንቅነሽ!» አለ። ትንፋሽ እንኳ አልወጣውም። ወንበሩ ላይ ካለው ጨለማ በቀር ያየው ነገር የለም፤ እሷም ቀና ብላ፣ እሱ እዚያ የሌለ ይመስል፣ በሱ ላይ አሻግራ ግቢውን አየች።

«በሩን ነፋስ ከፈተው መሰለኝ» አለች። «ዝጋልኝ እስቲ።»

«እሺ የኔ ዓለም» አለ ድምፁ፣ ይርዳው ራሱ በሕይወቱ አውጥቶት በማያውቀው ለዛ፤ በሩም ከውስጥ ቀስ ብሎ ፊቱ ላይ ተዘጋ።