አሥራ ሦስተኛው ነጥብ

«አራት! አሁንም አራት!»

ሂዳያ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ይህን ሒሳብ ስትሠራ ሦስተኛ ቀኗ ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ከፍታ የተለካባቸው ሃያ አራት ነጥቦች ወረቀቷ ላይ ተደርድረዋል። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ሰላም ነው። አሥራ ሦስተኛው ላይ ግን መሬቱ በአንድ እርምጃ አራት ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። እዚያ ቦታ ደግሞ ምንም ዝቅ ያለ ነገር የለም! ራሷ ሄዳ ቆማበታለች፤ ኳስም አስቀምጣበታለች፤ ኳሷ ንቅንቅ አላለችም።

«መደመር አልቻልሽም ማለት ነው» አለ ሃፍታይ፣ የመሬት ለኪ ቡድናቸው ሦስተኛ አባል፣ ቦርሳውን እያነገተ። «ነገ አባቶች ዶማ ይዘው ሲመጡ አንቺ ገና በጣትሽ ትቆጥሪያለሽ።»

«ወላሂ ሃፍታይ፣ ዛሬ እንዳትነካካኝ!»

ሓድነት ሰፈር ባለው ትምህርት ቤታቸው ዝናብ በጣለ ቁጥር የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል ውሃ ይገባበታል። ታናሽ ወንድሟ ኢክሪማ እዚያ ነው የሚማረው፤ ባለፈው ሳምንት እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሲጽፍ ውሎ በብርድ ታሟል። ስለዚህ ወላጆች ቅዳሜ ከክፍሉ እስከ ግቢው በር የውሃ መውረጃ ቦይ ሊቆፍሩ ተስማሙ። የመሬቱን ልክ እንዲያወጡ ደግሞ መምህር ገብረሃንስ ሦስት የስምንተኛ ክፍል ልጆች መረጡ።

አለካኩ የግንበኞች ነው። ግድግዳ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል፤ ዜሮ ይሉታል። ረጅም፣ ውስጡ የሚታይ ነጭ የጎማ ቱቦ ውሃ ይሞላል። በአንዱ ጫፍ ያለው ውሃ ከዜሮው ጋር ሲስተካከል፣ ሌላው ጫፍ ግቢው ውስጥ የትም ቢወሰድ ውሃው በዚያው ከፍታ ይቆማል። ከውሃው እስከ መሬት በሜትር ይለካል፤ ቁጥሩ ከበዛ መሬቱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። «ሁሉም የሚለካው ከዜሮው ነው» ብለው ነበር መምህር። «ጠመኔ አይበቃም፤ ምስማር ምቱበት።» ምስማሩን የተቀበለችው ፊርዶስ ናት፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ከሂዳያ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዋ።

ሂዳያ ወረቀቱን እንደገና አየች። አሥራ ሁለቱ ነጥቦች ማክሰኞ ተለኩ፤ የቀሩት ረቡዕ። በመካከሉ ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሯል። ዘላ ተነሣችና ወደ ግድግዳው ሮጠች። የጠመኔው መስመር አለ። ምስማር የለም።

ፊርዶስ በረንዳው ላይ ሆና ፀጉሯን በሻርፏ እየሸፈነች ነበር።

«ምስማሩ የታለ?»

«የቱ ምስማር?»

«ፊርዶስ!»

ፊርዶስ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ረሳሁት። ረቡዕ ጠዋት ስመጣ መስመሩን ዝናቡ አጥቦታል። እኔም መልሼ አሰመርኩት፤ ቦታውን አውቀዋለሁ፣ ከዩኒፎርሜ ሁለተኛ ቁልፍ ጋር ትክክል ነበር።»

ሂዳያ የጓደኛዋን እግር አየች። «ማክሰኞ ምን ተጫምተሽ ነበር?»

«ነጠላ ጫማ።»

«ረቡዕስ?»

ረቡዕ ግቢው ጭቃ ስለነበር ፊርዶስ የወንድሟን ሶለ ወፍራም ቦት ጫማ አድርጋ መጥታ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ስቆባታል። አራት ሳንቲሜትር ከፍ ብላ ቆማ ዜሮውን አራት ሳንቲሜትር ከፍ አደረገችው።

«ሦስት ቀን!» አለች ሂዳያ። «ሦስት ቀን ሙሉ ደደብ ስባል ከጎኔ ተቀምጠሽ ታያለሽ?»

«ኧረ በአላህ ቀስ በይ። ባለፈው ሜትሩን ስሰብር መምህር ምን እንዳሉኝ ሰምተሻል፤ አንድ ጥፋት ከደገምኩ ከቡድኑ ያስወጡኛል። ደግሞ አራት ሳንቲሜትር ምን አላት? ማንም አያውቅም።»

«ውሃው ያውቃል። በሩ ጋ መሬቱ ከክፍሉ ሦስት ሳንቲሜትር ይወርዳል ብለን ጽፈናል። እውነቱ አንድ ሳንቲሜትር ይወጣል! በእኛ ልክ ከቆፈሩ ውሃው ተመልሶ እነኢክሪማ ላይ ነው የሚተኛው።»

«እባክሽ ሂዳያ» አለች ፊርዶስ እያለቀሰች። ሂዳያ ሳትመልስላት ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በንዴት ድንጋይ እየመታች ሄደች። ጓደኛዋን አሳልፋ መስጠት አልፈለገችም፤ ዝም ማለትም አቃጠላት።

ቅዳሜ ጠዋት አሥር የሚሆኑ ወላጆች ዶማና አካፋ ይዘው ተሰለፉ። ከወሎ መጥቶ በቀን ሥራ የሚያድረው አባቷ አብዱልጀሊልም የዛሬ ሥራውን ትቶ መጥቷል። መምህር ገብረሃንስ ወረቀቱን ከሂዳያ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

ሂዳያ ወረቀቱን ከጀርባዋ ደበቀችው። «አይቆፈር፣ መምህር። ከአሥራ ሦስተኛው በኋላ ያለው ልክ ስህተት ነው።»

«ዋይ! ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ አላልሽኝም?»

«ስሌቱ ልክ ነው። ዜሮው ነው ከቦታው የተነሣው።»

«ማን አነሣው?»

ፊርዶስ ከሃፍታይ ጀርባ ቆማለች። የጓደኛዋ ስም በሂዳያ ምላስ ላይ ነበር፤ ብትተፋው ንዴቷ እንደሚወጣላት ታውቃለች።

«እሱን እኔ አልናገርም» አለች። «ሁለት ሰዓት ስጡን፤ ከአንድ ጀምረን እንለካዋለን።»

«ሥራ ፈትተን ነው እንዴ የመጣነው!» አለ አንድ ሰውዬ። መምህሩም ፊታቸውን አጠቆሩ። «በይ እንግዲያው ጥፋቱን ባንቺ ስም እጽፈዋለሁ። ስሌቱ ያንቺ ነበር።»

አባቷ ግን ዶማውን መሬት ላይ አጋደመና ተቀመጠበት። «ይለኩ እንጂ፣ ጌታው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ሂዳያ ጎማውን ከባልዲው ውሃ ሞላችው። አንዱን ጫፍ ወደ ፊርዶስ ዘረጋችላት። «ያዢ» አለቻት፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር።

ፊርዶስ ጎማውን አልያዘችም። አለፈቻትና ቀስ እያለች ወደ መምህር ገብረሃንስ አቀናች።

«ሂዳያ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ እኔ ልያዝልሽ?» አለ ሃፍታይ።

«ተወው» አለች ሂዳያ። የጎማውን ሁለቱንም ጫፍ ይዛ፣ ውሃው እንዳይፈስ ቀና አድርጋ፣ ፊርዶስ እስክትመለስ ጠበቀቻት።