ድንጋይ የተጫነበት ግንድ

ኤርለንድ ድሬቨርን ያገኘችው እትዬ ጄሲ ናት። ባሕሩ ሲሸሽ የድሮው መቃብር ቦታ ካለበት ገደል ሥር ተኝቷል፤ ፊቱን የባሕር ሣር ሸፍኖታል። እግሩ ተሰብሯል፤ ሐኪሙ ግን «የገደለው ስብራቱ አይደለም፣ ውኃ ነው» አለ። በሕይወት ተኝቶ የባሕሩን ሙላት ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ኢንስፔክተር ኢንጋ ፎቢስተር ከጎረቤት ደሴት ስትደርስ የመንደሩ ሰው ፍርዱን ጨርሷል፤ ገዳዩ የሟች እንጀራ ልጅ ስዌን ነው። ኤርለንድ የሞተ ዕለት ጠዋት ወደቡ ላይ «ለሙታን ድንጋይ እንጂ ለሕያው አታስብም!» ብሎ ሲጮህበት ሁሉም ሰምቷል።

የልጁ እናት ሜራን በሯ ላይ የኢንጋን እጅጌ ጨብጣ አለቀቀችም።

«የመጀመሪያ ባሌን ባሕር ወሰደው፤ ሁለተኛው ይኸው ሳጥን ውስጥ ነው። ልጄን ደግሞ በከሰዓቱ ጀልባ ይወስዱብኛል። ምን ቀረኝ እህቴ? ንገሪኝ፣ ምን ቀረኝ?»

ኢንጋ ከጓንቷ በታች ቀለበቷን ዳሰሰች። ባሕሩ ከእሷም የወሰደው ነበር። ስለዚያ አትናገርም።

«እስከ ጀልባው ጊዜ አለን» አለች።

ኤርለንድ እንግዶችን በባሕሩ ዳርቻ እየመራ፣ ከመቃብሩ ሥር ብቅ ያሉትን የጥንት ቤቶች ይጠብቅ ነበር። ባለሙያዎች አጥንተው ሳይጨርሱ አካፋ አያስነካም። በክረምቱ ማዕበል ገደሉ ሲናድ ዳር ላይ የነበረው መቃብር አብሮ ሄደ። የሜራን ወንድም የታማስ ሚስት መቃብር ነበር።

ኢንጋ ወደ ጠጠሩ ወረደች። ሬሳው ከነበረበት ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ውኃ ከማይደርስበት ቦታ፣ ወፍራም ግንድ ተጋድሟል፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ዛፍ በማይበቅልበት በዚህ አገር ባሕር የተፋውን እንጨት ጎትቶ ድንጋይ የጫነበት ሰው ባለቤቱ ነው። ሌባ እንኳ አይነካውም።

«የሞተ ዕለት ጠዋት ስወርድ አልነበረም» አለች እትዬ ጄሲ። «ሬሳውን ሳገኝ ግን ነበረ፣ ከነድንጋዩ።»

«የማን ነው?»

«የባለቤቱ ነዋ! የዶሮ ቤቴ ጣራ ዘምሟል፤ እንዴት እንዳማረኝ አትጠይቂኝ ልጄ።»

ኢንጋ ስለ ግንዱ ስትጠይቀው ስዌን ተቆጣ። «ድንጋይ አለበት አይደል? የሰው ነው። እኔን ሊያስሩ ነው የመጡት ወይስ እንጨት ሊጠብቁ?»

ታማስ ቤቱ ውስጥ የዓሣ መረቡን እየጠገነ ቀና አላለም።

«ያንን ግንድ እስከ ዛሬ ማንም ያልወሰደው ለምን ይመስልዎታል?» አለችው ኢንጋ።

«ምን ሊያደርግለት? ሆዱን የባሕር ትል ጨርሶታል።»

ኢንጋ አመስግናው ወጣች፤ ሁሉንም ወደ ባሕሩ ዳር አስጠራች።

ድንጋዩን ከግንዱ ላይ ስታነሳ እትዬ ጄሲ «በስመ አብ!» አለች።

«ባለቤቱ ይቅር ይበለኝ» አለች ኢንጋ። «የተጎተተበትን ፋና እዩ። ከላይ በኩል አለ፤ ከታች ግን ሬሳው ሲገኝ ሙላቱ አጥቦት ነበር፤ እትዬ ጄሲ አይታለች። ስለዚህ የተጎተተው ባሕሩ ከመሙላቱ በፊት ነው፤ ኤርለንድ እግሩ ተሰብሮ እዚያ ሳለ። ጎታቹ አይቶታል፣ ሰምቶታልም። ባለቤቱ እስከ ዛሬ የእኔ ነው ያላለው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለች ሜራን።

«ስዌን፣ አገላብጠው።»

ልጁ ትከሻውን አስደግፎ ገለበጠው። ከላይ ድፍን የነበረው ግንድ ሆዱ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል።

«ድንጋይ የተጫነበትን ማንም አይነካም» አለች ኢንጋ። «እትዬ ጄሲ ጣራዋን ልትሠራበት ተመኘችው፤ ትል እንደበላው አላወቀችም። ያወቀው፣ ሲጎትት ያገላበጠው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ነገሩኝ፣ ጋሽ ታማስ።»

ታማስ እጆቹን ተመለከተ።

«ከገደሉ ገፋሁት» አለ። «እንዲሞት ብዬ አልነበረም። ወርጄ አየሁት። ‹ታማስ፣ ውኃው መጣ› አለኝ። እኔም በክረምቱ ገደሉ ሳይናድ ሚስቴን ኡርሲላን ከመቃብሯ እናውጣት፣ ውኃው መጣ ብዬ ለምኜው ነበር። ባለሙያዎቹ ይጨርሱ አለኝ።»

«ግንዱንስ?»

«እጄ ለምዶ ነው። እንጨት ባሕር ሲወስደው ዝም ብዬ አይቼ አላውቅም።»

«ሰውስ፣ ወንድሜ?» አለች ሜራን።

ታማስ ፊቱን ወደ ወደቡ አዞረ።

የከሰዓቱ ጀልባ ታማስን ይዞ ሄደ። ሜራን ከግንዱ አጠገብ የስዌንን ክንድ ይዛ ጀልባው ከዓይን እስኪሰወር ቆመች። ከዚያ የልጇን ክንድ ለቀቀች፤ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሳችና ግንዱ ላይ መለሰችው።

«እናቴ፣ ምን ያደርጋል?» አለ ስዌን።

«የወንድሜ ነው» አለች።