ፈቃድ የጠበቀው መቃብር

በውቅያኖስ መሀል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ፣ የአሊፉል ቤትና የመንደሩ መስጊድ የሚለያዩት በአንዲት አጭር የድንጋይ አጥር ነው። አሊፉል አርባ ዓመት ሙሉ አዛን ያሉበት፣ ግቢውን የጠረጉበት መስጊድ ነው። ቤታቸውም በደጉ ጊዜ ሞልቶ የሚፈስ ነበር፤ ሚስታቸው፣ ልጃቸው ናዚሃ፣ አማቻቸው፣ የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ያሚን! ዛሬ ግን... ዛሬ በዚያ ቤት የቀሩት አንድ ሽማግሌና ሁለት ድመቶች ናቸው፤ ድመቶቹም የሚመጡት ዓሣ ሲኖር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያፈረሰችው አንዲት ዓርብ ናት። ያሚን በትኩሳት ሲነድ፣ ሐኪም ወዳለበት ደሴት የሚወስደው ጀልባ ለመነሣት ገመዱ ተፈትቶ ነበር። አሊፉል ግን እጃቸውን አነሡ። «ከጁምዓ በፊት ከዚህ ደሴት ጀልባ ወጥቶ አያውቅም። ሰግደን እንሂድ፤ አንድ ሰዓት ምን ያመጣል?» አንድ ሰዓት ምን ያመጣል! የሐኪሙ ደሴት የኮኮናት ዛፎች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ትንፋሹ ቆመ። በመስጊዱ ግቢ ተቀበረ። ናዚሃም «ከእንግዲህ አባት የለኝም» ብላ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ማሌ ሄደች። በዓመቱ ባሏ «ልቅሶሽ እንቅልፍ ነሣኝ» ብሎ ፈታት። በሁለተኛው ዓመት እናቷ ሞተች፤ ለቀብር እንኳ አልመጣችም። የአባቷን ስልክ ዘጋችባቸው። በጀልባ የሚልኩላትን ደብዳቤም ሳትከፍት ቀድዳ ትጥለው ነበር። አንጀቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ዶንሲቲ «አባትሽ እየደከሙ ነው፤ የልጅሽን መቃብር እንኳ መጥተሽ እዪ» ብላ ደወለችላት። ናዚሃ የመጣችው ለአባቷ አልነበረም፤ የልጇን መቃብር ለማየት ነው እንጂ። ዶንሲቲ ወደቡ ላይ ተቀበለቻት።

«አንቺ! ሙሉ ሰው ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ግማሽሽን የት ጣልሽው? ማሌ ምግብ አይሸጥም እንዴ?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ... አባትሽ ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊዱ በረንዳ ላይ ያወራሉ። አጠገባቸው ግን ሰው የለም። እኔ እንደሆንኩ የሰው ወሬ አላዳምጥም፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሲገባ ነው የሰማሁት።»

ባሕሩ እየገፋ ስለመጣ መንደሩ ሙታኑን ወደ ደሴቱ መሀል ማዛወሩንም በመንገድ ነገረቻት። ናዚሃ ወደ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ መስጊዱ ሄደች። ጫማዋን አውልቃ ነጩን አሸዋ ረገጠች። ከመስጊዱ የውሃ ጉድጓድ ወደ ባሕሩ የመቃብሮቹን ቦታ ቆጠረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ አጥንታቸው የተነሣ ባዶ ቦታዎች... ሦስተኛው የልጇ ነው። ሦስተኛው የለም! ማዕበሉ ቦታው ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል። ግቢውን ባሕሩ በግማሽ በልቶታል። ዞር ስትል ደረቁ በረንዳ ላይ ከውሃ ጉድጓዱ የሚነሡ ትንንሽ እርጥብ ዱካዎች አየች፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ያበቃሉ። የማን ናቸው? በግቢው ሕፃን የሚባል አልነበረም!

አሊፉል ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። «እግርህን አድርቅ እንጂ፤ ስንቴ ልንገርህ?» ይላሉ።

«ልጄ የት አለ?» አለች ናዚሃ፣ ያለ ሰላምታ።

ድምፅዋን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ናዚሃ?... ባሕሩ ወሰደው፣ ልጄ።»

«የሌላው ሰው ሟች ሁሉ ወደ ደሴቱ መሀል ተዛውሯል! ሁሉም የዘመዱን አጥንት አንሥቷል! የኔን ልጅ ብቻ ለምን ተዉት?»

«ያን ቀን ሳልጠይቅሽ በልጅሽ ላይ ወሰንኩ። ዳግመኛ ያለ እናቱ ፈቃድ በእሱ ነገር እጄን እንዳላነሣ እዚሁ መስጊድ ውስጥ ማልኩ። ባሕሩ ሲቀርብ ላንሣው ወይ ብዬ ጻፍኩልሽ... ዘጠኝ ጊዜ። እሺ እንድትይኝ ነበር የጠበቅኩት። እስክትመልሺ በጆንያ አሸዋ እየተሸከምኩ ባሕሩን ከለከልኩት። ኋላ ግን ወገቤ እንቢ አለኝ።»

ዘጠኝ ደብዳቤ! ዘጠኙንም በገዛ እጇ ቀድዳቸዋለች! ወይ ቂም! አባቷን የቀጣችበት እጅ፣ የልጇን አጥንት ለማዕበል የሰጠ እጅ ሆኖ ተገኘ። 

አሊፉል ከሽርጣቸው ሥር ጫፏ ሾጠጥ ያለ ትንሽ የመቃብር ድንጋይ አወጡ። «ይቺን ብቻ ከባሕሩ ነጠቅኩ። የት ላቁማት? ካልነገርሽኝ አላቆማትም።»

ናዚሃ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እርስዎ በሚያርፉበት... አባባ! እርስዎ በሚያርፉበት!»

«እሺ» አሉ ሽማግሌው፤ አሥራ አንድ ዓመት የታፈነ ትንፋሽ የተነፈሱ ያህል።

በሦስተኛው ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ አረፉ። በደሴቱ መሀል፣ ዳቦ ፍሬ ከሚባሉት ጥላማ ዛፎች ሥር ቀበሯቸው። ከራስጌያቸው ትልቁ ድንጋይ፣ ከጎናቸው ትንሿ ቆመች። ዶንሲቲ አፍንጫዋን ጠርጋ «ሕፃኑ እኮ ከሥሯ የለም» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ናዚሃ። «አያቱ ግን አሉ።»

መንደርተኛው ዕጣ ፈንታ ነው እያለ ተበተነ። ባሕሩስ ይሁን፣ ዕጣ እንበለው። ሳይከፈት የተቀደደውን ደብዳቤ ግን... እሱን ምን እንበለው?