በር ላይ የተደገፈው መጥረጊያ

ከኩኦፒዮ ከተማ ከተነሡ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ኦይቫ አስፋልቱን ትቶ በጥዱ ጫካ መሐል ወደሚያልፈው የጠጠር መንገድ ታጠፈ። ይህኛው መንገድ ከአስፋልቱ በአንድ ሰዓት እንደሚረዝም ሄልካ ብታውቅም ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ «በሰኔው የበጋ በዓል ዋዜማ ከመጣሁ እንጋባለን፤ ካልመጣሁ እርሺኝ» ብሏት ነበር። ቀኑን ሙሉ ጠበቀችው፤ አልመጣም። ለምን እንደቀረ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። አሁን አባቷ ሞቶ የሐይቁ ዳር ጎጆ ሲሸጥ፣ ዕቃ የሚጭንላት ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል እሱን ጠራችው። ዛሬ ካልጠየቀችው መቼም አትጠይቀውም።

የኋላው ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል። አንዴ አየችው፤ ዳግመኛ አልዞረችም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መኪና ነው ኤሊ?»

«ለአጋዘን ቅድሚያ እየሰጠሁ ነዋ።»

«አጋዘኑ እኮ ጥሎን ሄደ!»

ሳቁ። ሳቁ ግን እስከሚቀጥለው ሐይቅ እንኳ አልዘለቀም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የኛ አገር ሰው ግን ወርቁን ያለልክ ያከማቻል።

መኪና የምታሻግረው ጀልባ ላይ ሞተሩን አጠፋ። መጀመሪያ የተያዩት እዚሁ ነው፤ የመኪናዋ ባትሪ ሞቶባት እሱ ከኋላ ሲገፋላት።

«ትዝ ይልሃል?»

«ስድብሽ ትዝ ይለኛል።»

«መኪናዋን እኮ ነው የሰደብኩት!»

ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ ያው የዱሮው ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

ጎጆው ሲደርሱ መጥረጊያ በሩ ላይ ተደግፏል። በኛ አገር መጥረጊያ በር ላይ ከተደገፈ ባለቤቱ የለም ማለት ነው፤ አይንኳኳም፤ የመጣ ይመለሳል። ኦይቫ ደረጃው ሥር ቆሞ ቀረ።

«ግባ እንጂ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«ያን ቀንም እንዲሁ ነበር።»

«የቱን ቀን?»

«የበዓሉን ዋዜማ። መጥቼ ነበር፣ ሄልካ። መጥረጊያው ተደግፎ አገኘሁት። ጥለሽኝ የሄድሽ መሰለኝ።»

ሄልካ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ጧት ደረጃውን ለእሱ ብላ ጠርጋ፣ መጥረጊያውን ሳታስብ በሩ ላይ አስደግፋ፣ ወደ ሐይቁ ሮጣ ነበር። ሁልጊዜ በጀልባ ነበር የሚመጣው። ቀኑን ሙሉ ዐይኗን ከውሃው ላይ አልነቀለችም።

«በመኪና ነው የመጣኸው?»

«ዕቃሽን ልጭን ብዬ።»

«ምናለ ብታንኳኳ?»

«መጥረጊያ ተደግፎ ማን ያንኳኳል?»

እሷም ብትሆን አታንኳኳም ነበር። ትወደው ነበር፤ አሁንም ትወደዋለች፤ አለቀሰች። ኦይቫ እጁን ወደ ትከሻዋ ሰደደና የጋብቻ ቀለበቱን ሲያይ መለሰው። የእሱም ዐይን እንባ አቅርሮ ነበር።

«የልጅህ ስም ማን ነው?» አለች ፊቷን እየጠረገች።

«ሂልያ።»

«ደስ የሚል ስም ነው።»

ዕቃውን አብረው ጫኑ። ሄልካ በሩን ቆልፋ መጥረጊያውን አነሣች፤ ማስደገፍ ግን አልቻለችም፤ እንደያዘችው ቆመች። ኦይቫ ከእጇ ተቀብሎ ቀስ ብሎ በሩ ላይ አስደገፈው።

ሲመለሱ በአስፋልቱ ነዳ።