የዘመመው ስም

መርማሪ ኢንቲሳር ሆስፒታል ስትደርስ የሶፎኒያስ አስከሬን በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ገለጥ አድርጋ አየችው። የዓይኖቹ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

«ወባ ብቻ አይደለም የገደለው» አላት ሐኪሙ። «ሽንቱ ከርከዴ ይመስል ነበር። ደሙ ውስጥ ፕሪማኩዊን አገኘን። የወባ መድኃኒት ነው፤ እንደ እሱ ያለ የጂን ጉድለት ያለበት ሰው ሲወስደው ግን ደሙን ያፈርሰዋል። እኛ አላዘዝንለትም።»

«እሱስ ጉድለቱን ያውቅ ነበር?»

«ለእኛ የነገረን እሱ ራሱ ነው። ባቄላም ደሙን ስለሚያፈርስበት ፉል እንኳ አይበላም ነበር።»

የኢንቲሳር እናት የመተማ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ተወልዳ አድጋ የከተማው ፖሊስ ባልደረባ ሆናለች። ሟቹ ጎንደር የባዮሎጂ መምህር ነበር። ድንበር ከተሻገረ ወዲህ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ሆኖ፣ በኢንተርኔት ለሚነበብ የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ ጂኖችና ፕሮቲኖች ይጽፍ ነበር። ሲታመም እየተፈራረቁ ያስታመሙትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

ከሦስቱ አንዱ፣ አብሮ አደጉ ክንፈ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ሁለቱ አብረው ተምረው፣ አብረው ተሰደው፣ መንደር 8 በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ በአንድ ሸራ ሥር ኖረዋል። የሟቹን ስልክ ዘረጋላት።

«ይመልከቱት፤ ራሱ ተሳስቶ ነው። ታሞ ሳለ የጻፈው ነው።»

ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ በሶፎኒያስ ስም የገባው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «የ*G6pd* ጂን ጉድለት ያለበትን ሰው ፕሪማኩዊን አይጎዳውም።» የጂኑ ስም በዘመመ ፊደል ተጽፏል።

«ትኩሳቱ አእምሮውን አስቶት ነበር» አለ ክንፈ፤ እንባውን ጠረገ።

ሁለተኛዋ ኤልሳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ኢንቲሳር ገና ስትገባ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ከመደርደሪያችን አንድ ፓኮ ፕሪማኩዊን ጎድሏል። እኔን እንደሚጠረጥሩ አውቃለሁ። ግን ክንፈም ሐጅ ሙሐመድኑርም እንደ ቤታቸው ነው የሚገቡት።»

«አንቺ የጂን ስም እንዴት ነው የምትጽፊው?»

ኤልሳ ግራ ገባት። «ቀጥ አድርጌ ነዋ። ሶፎኒያስ ሁሌ ይቆጣኝ ነበር። ‹የጂኑና የፕሮቲኑ ስም አንድ ሲሆን አንባቢ በምን ይለያቸው? ጂኑን አዝምሚው፣ ፕሮቲኑን ቀጥ አድርጊው› ይለኛል። ስልኬ ላይ እንዴት እንደሚዘም እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ሦስተኛው ሐጅ ሙሐመድኑር የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ለጸሐፊዎቹ የሱቃቸውን ጓዳ የሰጡት እሳቸው ናቸው።

«እኔ የፈረንጅ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ። አማርኛውን ነው የማርምላቸው።»

«ክንፈና ሶፎኒያስ ይጣሉ ነበር?»

«ኧረ ወላሂ! በፊደል ብቻ ነው የሚነታረኩት። ‹ክንፈ፣ ስለ ሰው ነው የምንጽፈው፣ ስለ አይጥ አይደለም!› እያለ ይስቅበታል። ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ።» ሐጅ ተከዙ። «ሶፎኒያስን ናይሮቢ ለሥራ ጠርተውት ነበር። እሱ ካልሄደ ተተኪው ክንፈ ነው። ምስኪን፣ አሁን በማን ደስ ይለዋል?»

ኢንቲሳር ኢንሳይክሎፒዲያው ውስጥ አራቱ የጻፉትን ሁሉ ስታነብ ዋለች። ከዚያ ሦስቱን በሰሊጥ ጆንያዎቹ መካከል ሰበሰበቻቸው። ሐጅ ክንፈን እያጽናኑት ነበር፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገዋል።

«ሶፎኒያስ ጉድለቱን ያውቃል» ብላ ጀመረች። «ፉል የማይቀምስ ሰው ፕሪማኩዊንን አውቆ አይውጥም። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ነው ብሎ የሰጠው ሰው አለ። ያ ሰው፣ ሟቹ በገዛ ስህተቱ የሞተ እንዲመስል ይህን ዓረፍተ ነገር በእሱ ስልክ ጻፈ። ሐጅ አልጻፉትም፤ የፈረንጅ ፊደል አያውቁም። ኤልሳም አልጻፈችም፤ ስሙ ዘሟል፤ እሷ ማዝመም አትችልም።»

«ሶፎኒያስ ያዘማል» አለ ክንፈ ቶሎ ብሎ።

«ያዘማል። ግን የሰው ጂን ሲሆን ፊደሉን ሁሉ ትልቅ ያደርጋል። የመጀመሪያው ብቻ ትልቅ የሚሆነው የአይጥ ጂን ሲሆን ነው፤ የአጻጻፍ ደንባችሁ ላይ አለ። ስለ ራስህ እንደጻፍከው፣ አንተ ጎንደር ሳለህ ምርምርህ በአይጥ ላይ አልነበረም?»

«እሱም በትኩሳት ላይ ሆኖ ሊሳሳት ይችላል።»

«የሁለታችሁንም ጽሑፍ አይቻለሁ። አንተ በየጊዜው እንዲሁ ትስታለህ፤ እሱ ከኋላህ እየተከተለ ያርምልሃል። ይሄኛውን ግን የሚያርምልህ አልነበረም።»

ክንፈ ጆንያው ላይ ዘፍ አለ።

«እንዲሞት አልነበረም» አለ። «የጉዞው ቀን እስኪያልፍ እንዲተኛ ብቻ ነበር። እኔም እኮ መውጣት እፈልግ ነበር።»

«ሲውጠው ምን አለህ?» አለች ኤልሳ።

ክንፈ ቀና አላለም።

«ምንም አልጠየቀኝም። ከእጄ ተቀብሎ ዋጠው።»

ሐጅ ሙሐመድኑር እጃቸውን ከትከሻው ላይ አነሡ።