የጎረቤቶቼ ዝርዝር

ፊሊጶስ እናቱን ደም ሊያስመረምር ጎባ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ይዟቸው መጣ። መርፌውን ሳነሳ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው እሱ ነበር።

«የእንስሳት ሐኪም ነው እኮ!» አሉ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ እየሳቁ። «በሬ ሲወጋ ግን እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«በሬው እናቴ አይደለማ!»

ሳቅሁ። ዞሮ አየኝ። በብልቃጡ ላይ ስማቸውን ሁለት ጊዜ መጻፌን ያወቅሁት ከወጡ በኋላ ነው።

ከመውጣታቸው በፊት ግን እናቱ «አገርሽ የት ነው?» ብለውኝ ነበር።

«ሐረር ተወለድኩ። ከዚያ ጅግጅጋ፣ ነጌሌ፣ ሽሬ፣ ባሕር ዳር… አባቴ ወታደር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሮቤ ገባን።»

«አንዱን ንገሪኝ እንጂ ልጄ!»

አንድ አልነበረኝም።

ፊሊጶስ ጎባ እየኖረ ሮቤ ይሠራል፤ እኔ ሮቤ እየኖርኩ ጎባ እሠራለሁ። ጠዋት ሚኒባሶቻችን መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ማታ ግን ጎባ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። «አከም ኦልቴ?» ይለኛል በኦሮምኛ፤ «ደኅና ዋልኩ» እለዋለሁ። ከዚያ አብሮኝ ይሳፈራል፤ እስከ ሮቤ አድርሶኝ ብቻውን ይመለሳል።

«ቤትህ እኮ እዚሁ ጎባ ነው።»

«መንገዱን ወድጄው ነው።»

በተዋወቅን በአሥራ አንደኛው ወር አባቴ ዘንድ ሽማግሌ እንዲላክ እናቱን ጠየቃቸው። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ዓይኑን ከእጆቹ ላይ ሳያነሳ ነገረኝ።

«እምቢ አለች። ‹ስለ እነሱ ማንን እጠይቃለሁ? የሚያውቃቸው ጎረቤት የላቸው። መሄድ የለመደች ልጅ አንድ ቀን ትታህ ትሄዳለች› ነው የምትለው።»

የመንገዱ ዳር የስንዴ ማሳ እስኪያልቅ በመስኮቱ አየሁ።

«ጎረቤት አለኝ» አልኩት።

ከተማውን፣ የኖርንበትን ዓመት፣ የጎረቤታችንን ስምና ስልክ በቅደም ተከተል ጻፍኩ። አምስት ሴቶች ሆኑ። እሑድ ለእናቱ ወስጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ።

«የመጀመሪያዋን ሆን ብለሽ ነው ያስቀደምሻት» አሉና ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተው ሁለተኛዋ ጋ ደወሉ። የጅግጅጋዋ ዙቤዳ ነበረች።

«የሻምበል ኃይለልዑልን ልጅ፣ እኅተማርያምን ያውቋታል?»

«እኅቴን? ምን ሆነችብኝ?» አለች በልጅነት ቁልምጫዬ ጠርታ።

«ደኅና ናት። ልጄ ሊያገባት ፈልጎ ነው። እንደው… ሄዳ የምትረሳ ልጅ ናት?»

ፊሊጶስ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘ።

«ስሚ እህቴ» አለች ዙቤዳ። «ከዚህ ስትሄድ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ወላሂ፣ ሳትደውልልኝ ያለፈ አንድም ኢድ የለም። የወለድኳቸው እንኳ አንዳንዴ ይረሱኛል። ልጅሽ ከተዋት ንገሪኝ፤ እዚሁ እኔ እድራታለሁ!»

ወይዘሮ ወለተኢየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«የለም፣ የለም! ሠርጉ እዚህ ነው። አንቺም ትመጫለሽ።»

ስልኩን ዘግተው ዝርዝሩን ለፊሊጶስ ሰጡት። «ሌሎቹም ጋ ደውል።»

«እስካሁን አላመንሽም እማዬ?»

«ለጥሪ ነው እንጂ! ለጥያቄ መሰለህ?»

ለሠርጉ ከአምስቱ አራቱ መጡ። ዙቤዳ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ደረሰች። አማቴ የገዛ አልጋቸውን ለቀውላት እሳቸው መሬት ላይ ተኙ።