አልቆም ያለው ሥራ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርሁ፣ ሙያዬ ኮምፒውተር ነው፣ ሁሉም ነገር ምክንያት አለው ብዬ ነው የኖርሁት፣ እመኑኝ፣ ዛሬም ምክንያቱን ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

ባለቤቴ ሙሉቀን የደቅ ደሴት ልጅ ነው። የአገሩን ሽማግሌዎች ወግ በድምፅ ይቀዳ ነበር፣ ግን ቅጂው ሁሉ ነፋስና ማዕበል የሞላበት ስለሆነ፣ ባሕር ዳር ቤታችን ቁጭ ብለን አንድ ድረ ገጽ ሠራን። ቅጂውን ትጭኑና «ጀምር» ትላላችሁ፣ ከዚያ ገጹን ብትዘጉትም፣ ስልካችሁን ብታጠፉትም፣ ሩቅ ቦታ ያለ የተከራየነው ኮምፒውተር ከጀርባ ሆኖ ድምፁን ሲያጠራ ይሰነብታል። «አቁም» ካላችሁት ይቆማል፣ በቃ ይኸው ነው።

ሙሉቀን የመጨረሻውን ቅጂ አስጀምሮ ወደ ደቅ ሲሻገር ነፋስ ጀልባዋን ገለበጣት። አስከሬኑ ተገኝቶ ቀበርነው።

አርባው ከወጣ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እናቱ እማማ ጥሩነሽ እኔ ዘንድ እንዳሉ፣ ሁሉንም ልዘጋ ብዬ ገጹን ከፈትሁት። ያ ሥራ አሁንም «በሂደት ላይ» ይላል። «አቁም» አልሁት፣ ቆመ፣ ዓይኔ እያየ መልሶ ጀመረ። ይህስ የሚገባ ነው፣ የወደቀ ሥራ የሚያነሣ ጠባቂ ፕሮግራም አለን፣ እሱንም አጠፋሁት። ሥራው ግን ቀጠለ፣ የጠራው ድምፅ ከተጫነው ቅጂ በልጦ ይረዝማል። 

ልስማው ብዬ ከፈትሁት። ውኃ ነው፣ የጀልባ እንጨት ቀስ ብሎ የሚመታ ውኃ፣ ሌላ ምንም የለም። እማማ ጥሩነሽ ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ሙሉቀን ነው» አሉኝ በቀስታ። «አትሰሚውም?»

አልሰማሁም፣ ትንፋሼን ውጬ ባዳምጥም ውኃ ብቻ። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያንሾካሽኩ ጀመር፣ ጥቂት ይሉና ያዳምጣሉ፣ ደግሞ ይመልሳሉ። ምን አለዎት ብዬ ለመንኋቸው፣ እንባቸውን ጠርገው ጆሯቸውን መልሰው አስጠጉ። ቀናሁ፣ ሰው በእናት ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

በማግሥቱ እሳቸው ወደ ደሴታቸው ሲመለሱ ገጹን እንደገና ከፈትሁ። ድምፁ ረዝሟል። አዲሱን ክፍል ሳዳምጠው ውኃው ጠፍቷል፣ የምሰማው የእማማ ጥሩነሽን የትናንት ሹክሹክታ ነው። ያ ገጽ የቤታችንን ድምፅ የሚቀዳበት መንገድ የለውም፣ በገዛ እጃችን ነው የሠራነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ ከዚያ ባዶ ነው፣ ሰው ሊናገርበት የሚበቃ ባዶ፣ ከዚያ ይመልሳሉ።

«ኧረ ደህና ናት» ይላሉ። ዝምታ። «አጠገቤ ናት ያለችው።» ረዘም ያለ ዝምታ። «እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ ስትጠራት አትሰማህም።»

እዚያ ባዶ ላይ ስደርስ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ ስሜን እፈልጋለሁ። አንዳንዴ ትንፋሽ የሰማሁ ይመስለኛል፣ የእኔው ይሁን የሌላ ሰው፣ አላውቅም።